አራት ከተሞችና አንድ ደፍ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበር ያልደረሰው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ። አንተም መስኮቱ ጋ ያለኸው፣ ዝጋውና ና፤ ነፋሱ ወሬያችንን ይዞብን ይሄዳል። የማወራላችሁ ገና ያልመጣ ዘመን ነገር ነው። ያልመጣውን ከየት አየኸው ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ወደ ኋላ ማየት ይለምድና፣ አንዳንዴ አንገቱን ሲያዞር በዚያው ወደ ፊት ያያል። ነበር ልበል ወይስ ይሆናል ልበል እያልኩ ከማደናግራችሁ፣ አንደበቴ በለመደው በ"ነበር" ልቀጥል።

አዳማ ውስጥ ባለ ሰባት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ነበር። አራተኛው ፎቅ ላይ ውዴነሽ የምትባል ሴት፣ ከባሏ ከአክሊሉና ዓመት ከስድስት ወር ከሆናት ልጃቸው ከእልልታ ጋር ትኖር ነበር። ሊፍቱ በዚያም ዘመን አይሠራም።

የውዴነሽ ሥራ ማስጎብኘት ነው። ጠዋት ጓዳ ትገባለች፣ በሩን ትዘጋለች፣ መነጽሯን ታደርጋለች። ባሕር ማዶ እግራቸው የደከመ ሰዎች አልጋቸው ላይ ሆነው ይጠብቋታል። እሷ ከአዳማ ሆና በኢስታንቡል መንገድ ላይ አንዲት ትንሽ ባለ ጎማ የካሜራ ዓይን ትነዳላቸዋለች፤ "በስተቀኝዎ የሚያዩት ይህ ነው፣ በስተግራዎ ያኛው ነው" እያለች። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ኢስታንቡልን፣ ሮምን፣ ቪየናንና ሊዝበንን ከአደባባያቸው እስከ ጓሯቸው አወቀቻቸው። የትኛው ደረጃ እንደተሸረፈ፣ የትኛው ዳቦ ቤት ሰኞ እንደሚዘጋ ትነግራችኋለች። እግሯ ግን ከድሬዳዋ አልፎ አያውቅም።

"ድንጋዩ ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላውቅም እኮ፣" ትለው ነበር አክሊሉን። "በየቀኑ አየዋለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ በእጄ አልነካሁትም።"

እንግዲህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ዕረፍት ሊወጡ ተፈቅዶላቸው፣ ዕቅድ አወጡ። ውዴነሽ በትልቅ ወረቀት ላይ አሥራ አራት ሳጥን አሰመረችና ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። አራት ቀን ኢስታንቡል፣ አራት ቀን ሮም፣ ሦስት ቪየና፣ ሦስት ሊዝበን። ከዚያ በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ የልጅቷን የእንቅልፍ ሰዓት በእርሳስ አጠቆረች።

አክሊሉ ቆሞ አየው። ባትሪ ጥገና ነው የሚሠራ፤ ማንኛውንም ነገር ሳይነካካ አያምንም። "ሮም ድረስ ሄደን፣" አለ፣ "ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቁጭ ብለን ስትተኛ ልናያት ነው?"

"ጋሪዋ ላይ ትተኛለች፤ እኛ እንዞራለን።"

"ሮም ጋሪ አይገፋም ያልሽው ራስሽ ነሽ። ድንጋዩ ጥርስ ያራግፋል ብለሻል።"

"እንግዲያው ታዝላታለህ።"

"እኔ?"

"የሮም ከንቲባ ይዘላት ታዲያ?"

ሳቁ። እልልታም የሚስቁት በምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። አክሊሉ ሻንጣ አውጥቶ ዳይፐር መደርደር ጀመረ፤ ሽሮ ዱቄት በሦስት ፌስታል ደራርቦ አሰረ። ጉዞው ገና አራት ወር ይቀረዋል።

ስለ ልጅቷ ልንገራችሁ። እልልታ ሰው አትፈራም። በዚያ ኮሪደር ስድስት በር አለ፤ ስድስቱም የእሷ ነበር። ጠዋት በራቸው ሲከፈት ለእናት ለአባቷ እጇን እያወናጨፈች "ታው!" ትላለች፤ ቻው ማለቷ ነው። ከዚያ ፊት ለፊት ወዳሉት ወደ እማማ ዘነቡ በር ትንደረደርና ዝቅ ብላ ታንኳኳለች። እማማ ዘነቡ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው። ለእሷ ብቻ የተቀመጠች ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ አለቻቸው፤ አጥሚት ይሰጧታል። ጠጥታ ስትጨርስ ቀጣዩን በር ታንኳኳለች። እናቷ እስከ ምሳ አታገኛትም፤ አትፈልጋትምም፤ ድምጿ ይሰማልና።

በዚያ ዘመን ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ለምን ትሄዳለህ ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ለምን እንደሚመለስ ነው። የመመለሻ ቢሮ የሚባል ነበር፤ የሰውን ሥር ይለካል። ለቅሶ የደረሰ፣ ሰርግ የታደመ፣ እድር ስብሰባ የተገኘ ሥሩ ይጨምርለታል። ድንኳን ደጃፍ ላይ ሰዎች ገብተው ከማልቀሳቸው በፊት አውራ ጣታቸውን ሰሌዳ ላይ ያሳርፋሉ። ነውር ነው ያለ ሰው አልሰማሁም። ማለፊያው ሰባ ነው። ውዴነሽ ሰማንያ አንድ አላት። አክሊሉ ሰባ ስድስት፤ ሰርግ ላይ ስለሚያረፍድ።

የቀጠሮው ቀን ሦስቱም ለብሰው አጊጠው ሳሎን ተቀመጡ፤ የመመለሻ ቢሮው ሴትዮ ግድግዳው ላይ ታየች። ጨዋ ናት፣ ድምጿ የለሰለሰ።

"ልጅቷ ከቤት ስትወጣ ታለቅሳለች?"

ውዴነሽ ይህን ጥያቄ ስትጠብቀው ነበር። አውሮፕላን ውስጥ ሰው እንዳትረብሽ የጠየቀቻት መሰላት። "ኧረ በጭራሽ!" አለች። "የማታውቀው ሰው የሚባል የላትም፤ ማንም ቢጠራት ትሄዳለች። አንድም ቀን አስቸግራን አታውቅም።"

"እናንተ ስትለዩዋትስ?"

"እኛንማ ምን ቆጥራን!" አለ አክሊሉ በኩራት። "ታው ብላ ትሸኘናለች። የትም ብትጥላት ታድራለች ይቺ።"

ልጅ ሲመሰገን እንዲህ ነው የሚመሰገነው፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። አመለኛ አይደለችም፣ ሰው ትለምዳለች፣ እንግዳ አትፈራም። ሴትዮዋ እያንዳንዱን ቃል ጻፈች። እልልታ ደግሞ ግድግዳው ድረስ ሄዳ የሴትዮዋን ጉንጭ ሳመች።

"እልልታ አክሊሉ፣" አለች ሴትዮዋ። "ሥር፣ ዘጠኝ።"

"ከአሥር?" አለ አክሊሉ ደስ ብሎት።

"ከመቶ።"

"ልጅዎ የትም፣ ከማንም ጋር መኖር ትችላለች፤ እርስዎም ነግረውኛል፣" አለች ሴትዮዋ። "ቤቷን የማትናፍቅ ልጅ ያላቸው ወላጆች እንደማይመለሱ መዝገባችን ያሳያል። አይዘኑ፤ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ እሷን እዚህ ትታችሁ መሄድ ነው። ልጅ ለሚተው ወላጅ አሥራ አምስት ነጥብ እንጨምራለን።"

"ልጄን መያዣ ላድርጋት?"

"መያዣ አንልም፣ ወይዘሮ ውዴነሽ። መልሕቅ ነው የምንለው።"

"ሁለተኛውስ?"

"የማጽደቂያ ዘጠና ቀን። ችግኝ እንደሚጸድቅ ማለት ነው። መመሪያውን እንልካለን።"

ከመመሪያው ጋር አንዲት ቀለበት መጣች፤ የልጅ ቁርጭምጭሚት ላይ የምትቆለፍ። ሰዉ አልቦ ይላታል፣ እንደ ድሮው የእግር ጌጥ። ልጅቷ ደፉን አልፋ ስትወጣ ልቧ ከፈራ፣ ስትመለስም ከረጋ፣ አልቦዋ "ቲን" ትልና ነጥብ ትጨምራለች። እልልታ ጌጡን ወደደችው። እግሯን እያነሳች ለጎረቤት ሁሉ አሳየች።

የመጀመሪያው ሳምንት መመሪያ እንዲህ ይላል፤ ልጅቷ ከወላጆቿ እጅ በቀር ከማንም እጅ አትብላ። የሁለተኛው፣ በሩ ተዘግቶ ይዋል። የሦስተኛው "አጭር መውጫ" ይባላል። በቀን ሦስት ጊዜ ልጅቷን ኮሪደር ላይ አስቁሙና ከዓይኗ ተሰወሩ። ስታለቅስ ወዲያው አስገቡ፤ ጣፋጭ ስጡ።

ችግሩ፣ እልልታ አታለቅስም። ኮሪደር ላይ ስትቆም ታጨበጭባለች፤ ከዚያ የሚቀርባትን በር ታንኳኳለች። በሩ ይከፈታል።

ስለዚህ ውዴነሽ በየበሩ መዞር ነበረባት። አራቱ ጎረቤቶች ነገሩ ስለሚገባቸው እሺ አሉ፤ የራሳቸውንም ልጆች ይጠብቃቸዋልና። እማማ ዘነቡ ዘንድ መጨረሻ ሄደች።

"እማማ፣ ለሦስት ወር ብቻ ነው። እልልታ ብታንኳኳ… እንዳይከፍቱላት ልለምንዎት ብዬ ነው።"

እማማ ዘነቡ መነጽራቸውን አወለቁ። "ዘነቡ ቡዳ ናት አሉሽ?"

"ኧረ እማማ! ምን ይላሉ!"

"ሳል ይዟታል እንዳትይ፣ አልሳልኩም። እጄን እንደሆነ እታጠባለሁ።"

"ለጉዞው ነው። ሥር እንድትይዝ።"

"እዚህ ኮሪደር ላይ እሷ ሥር ካልያዘች ማን ሊይዝ ነው? ኩባያዋ እንኳ ያውና!"

"የእርስዎ አይቆጠርም፣ እማማ። የሚቆጠረው የቤታችን ደፍ ነው።"

"አራት ከተማ አልሽኝ? እልፍ አእላፍ ሰው ያለበት?"

"አዎ፣ እማማ።"

"ሰው ፈርታ ነው እዚያ ሁሉ ሰው መሀል የምትሄደው?"

"ለሦስት ወር ነው፣" አለች ውዴነሽ ደግማ።

"እሺ። አልከፍትም።" እማማ ዘነቡ በሩን ሊዘጉ ያዙና ቆም አሉ። "እጇ ግን ትንሽ ናት፣ ውዴ። ታች፣ ዝቅ አድርጋ ነው የምታንኳኳው። እሰማታለሁ እኮ።"

በሃያ ሦስተኛው ቀን ጠዋት ውዴነሽ ልጅቷን አቁማ፣ በራቸውን ገርበብ አድርጋ በስንጥቁ ታይ ነበር። እልልታ የእማማ ዘነቡን በር አንኳኳች። ጠበቀች። ደግማ አንኳኳች። ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። ከዚያ ዞራ የተዘጉትን በሮች አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ፊቷ ተጨማደደና አለቀሰች። እየሮጠች መጥታ የእናቷን ጉልበት አቀፈች።

ቲን።

"አክሊሉ! አሥራ አራት ገባች!" ብላ ጮኸች ውዴነሽ። አክሊሉ ከመታጠቢያ ቤት ጢሙን ሳሙና እንደቀባ ወጥቶ ሚስቱንም ልጁንም አቀፈ። ልጅቷ በሁለቱ መሀል ታለቅሳለች፤ እነሱ ይስቃሉ። ነጥቡን ፍሪጁ ላይ፣ ከኢስታንቡል ሳጥን በላይ ጻፉት።

ከዚያ በኋላ ፈጠነ። ሃያ ሰባት፣ አርባ፣ ሃምሳ ስምንት። ውዴነሽ ማታ ማታ ስልኳ ላይ ሆቴል ትመርጣለች፤ ባቡር ጣቢያ የሚቀርብ፣ የልጅ አልጋ ያለው፣ ደረጃ የሌለው። ቪየና ውስጥ ዝሆን የሚታይበትን ሰዓት ሳይቀር መዘገበች። አክሊሉ አንቀልባ ሠርቶ፣ አሥር ኪሎ ጤፍ ዱቄት አዝሎ ሳሎን ውስጥ ይለማመዳል።

እልልታ "ታው" ማለት ተወች። መቼ እንደተወች ማንም ልብ አላለም። ጠዋት አባቷ በሩን ሲከፍት ወደ ጓዳ ትሸሻለች። ውዴነሽ ስትሠራ ከጠረጴዛው ሥር ተኝታ የቀሚሷን ጫፍ ትጨብጣለች። አንድ ቀን ውዴነሽ ሊዝበን ዳገት ላይ አንዲት አሮጊት ስታስጎበኝ፣ ከቤታቸው ታች መንገድ ላይ ጥሩምባ ጮኸና ልጅቷ በድንጋጤ ጮኻ አለቀሰች።

"ምንድን ነው የሚያለቅሰው?" አለች አሮጊቷ ከአልጋዋ።

"የጎረቤት ድመት ነው፣" አለች ውዴነሽ፤ ዓይኗን ከሊዝበን ሳታነሳ።

እንዲህ አለች። ከአፏ ሲወጣ ራሷ ሰማችው። ግን ነጥቡ ስልሳ ስድስት ነበር፤ አራት ብቻ ነው የቀረ። ስልሳ ስድስት ላይ ሆኖ ማን ይተዋል? እኔም ብሆን እንጃ።

በዘጠናኛው ቀን ዘጠና ስድስት አገኘች። ሴትዮዋ ግድግዳው ላይ ብቅ ብላ፣ "እንኳን ደስ አላችሁ። እንዲህ ያለ ሥር ብዙ አላየንም፣" አለች። እልልታ ሶፋው ኋላ ተደበቀች፤ ሴትዮዋ ይህንንም በደስታ መዘገበች።

የጉዞው ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ታክሲው ታች ጥሩምባውን ነፋ። ሻንጣዎቹ ወርደዋል። ውዴነሽ ልጅቷን አቅፋ ደፉ ላይ ደረሰች።

እልልታ በሁለት እጇ የበሩን መቃን ያዘች። ጮኸች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ፤ አንዱን ሲያላቅቁ ሌላው ይይዛል።

"ታቅፈን እንሩጥ፣" አለ አክሊሉ ላብ እየጠመቀው። "አውሮፕላኑ ላይ ዝም ትላለች።"

አቅፈው ሮጡ። ሦስተኛው ፎቅ ሳይደርሱ ልጅቷ ጩኸቷን አቆመች፤ ትንፋሿም ተቋረጠ። ከንፈሯ ጠቆረ። ጩኸቱን ሰምተው እማማ ዘነቡ በባዶ እግራቸው ደረጃውን ወርደው ደረሱ። ፊቷ ላይ እፍ አሉባት፣ ጀርባዋን መቱ፤ ትንፋሿ ተመለሰ። "አለሁልሽ፣ የኔ እናት፣ ነይ፣" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

እልልታ አየቻቸው። ሌባ እንደምታይ አየቻቸውና ፊቷን በእናቷ ብብት ሸሸገች።

ቲን፣ አለች አልቦዋ። መቶ።

ውዴነሽ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እጇ ሲሚንቶውን ነካ። ቀዝቃዛ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ደረጃ ወጥታ ወርዳለች፤ ቀዝቃዛ መሆኑን ልብ ብላ አታውቅም።

"ፒንሳህ የት ነው?" አለች።

አክሊሉ ገባው። ቤት ወጥቶ ይዞ ተመለሰ። ፒንሳው አልቦዋን ሲነካ፣ ያ የለሰለሰ ድምፅ ከልጅቷ እግር ላይ ተናገረ። "አልቦው ከተቆረጠ ፈቃዱ ይሰረዛል። ቤተሰቡ ለአሥር ዓመት ማመልከት አይችልም። ይቀጥሉ?"

ታች ታክሲው ደግሞ ነፋ።

"ውዴ፣" አለ አክሊሉ። "ዕድሜሽን ሙሉ የጠበቅሽው ነው።"

"ቁረጠው።"

ቆረጠው።

ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት ግን አልቀደደችውም። ዕረፍት ወጥተዋል፤ አሥራ አራት ቀን አላቸው። በመጀመሪያው የኢስታንቡል ቀን በሩን ከፍተው ሦስቱም ከደፉ ወዲህ ተቀመጡ። በዚያ ቀን ሌላ ነገር አልሆነም። በሁለተኛው ቀን እማማ ዘነቡ የራሳቸውን በር ከፍተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ አልጠሯትም፣ ሹራባቸውን ይሠራሉ። ከደፍ እስከ ደፍ አሥራ አንድ ንጣፍ ነው። ቀይዋን ኩባያ መሀል፣ ስድስተኛው ንጣፍ ላይ አስቀመጧት።

"ዛሬ የት ናችሁ?" ይላሉ በየጠዋቱ።

"ሮም፣ እማማ። ድልድዩ ጋ።"

"ሙቀቱ እንዴት ነው?"

"ይቻላል።"

በሮም የመጨረሻ ቀን እልልታ አንድ እግሯን ደፉ ላይ አደረገች፤ ከታች ሰው ሲያስነጥስ ሰምታ መለሰችው። የቪየና ሦስቱ ቀናት በከንቱ አለፉ። ውዴነሽ አንዳንዴ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ታለቅስ ነበር፤ ለየትኛው እንደምታለቅስ ግን ለራሷም አይለይላትም፣ ለድንጋዩ ይሁን ለልጅቷ።

የሊዝበን የመጨረሻ ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ እልልታ ወጣች። አንድ ንጣፍ። ሁለት። እማማ ዘነቡ ዓይናቸውን ከሹራባቸው አላነሱም። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ኩባያዋን ላፍ አድርጋ እየሮጠች ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

"አየሽልኝ ይቺን ሌባ! ኩባያዬን ይዛብኝ ሄደች!" አሉ እማማ ዘነቡ። ሲስቁ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ትመልሰዋለች። አንቺ ብቻ ባዶውን እንዳትሰጫት፣" አሉ።

ጎረቤት ዕቃ ሲመልስ ባዶ እንደማይመልስ እናንተም ታውቃላችሁ፤ እናቶቻችሁ ሳህኑ ላይ አንድ ነገር ጣል ያደርጉበታል። በማግስቱ፣ ወረቀቱ ላይ በሌለው በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ውዴነሽ ሥራ ከመግባቷ በፊት ኩባያዋ ውስጥ ሁለት ብስኩት ጨመረችና ለልጅቷ ሰጠቻት። "ለእማማ በያቸው፣" አለቻት።

እልልታ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ደፉ ላይ ቆመች። ማዶ በሩ ገርበብ ብሏል።

እኔ የማየው እስከዚህ ነው፣ ልጆቼ። ከዚያ ወዲያ ያለው ገና አልመጣምና ዓይኔ አይደርስበትም። ትሻገር አትሻገር አላውቅም። እናንተ ግን ከእኔ ይልቅ ለዚያ ዘመን ትቀርባላችሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ እቤታችሁ ሆናችሁ፣ በራችሁ ታች በኩል፣ ዝቅ ብሎ ሲንኳኳ ከሰማችሁ፣ እባካችሁ ያቺን ልጅ አስታውሱልኝ።